መብራቱን ያላበራው ሰው

አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሰማይ ላይ ኔቡላ የሚሉት የጋዝና የአቧራ ደመና አለ፤ ከዋክብት የሚወለዱበት። ይህ ሰው ያንን ደመና ፎቶ ለማንሳት ሦስት ዓመት ተመኘ። በመጨረሻ ቴሌስኮፑንና የድሮ ፊልም ካሜራውን መኪናው ላይ ጭኖ የከተማ መብራት ወደማይደርስበት ወደ አፋር በረሃ ወረደ። መንገድ የሚመራው ሁመድ የሚባል የአገሩ ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ? ካሜራው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይዘጋ መቆየት አለበት። በመካከሉ መብራት ከበራ ፊልሙ ይበላሻል። የቀረው ፊልም ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ካሜራው ሥራ እንደጀመረ የውሃ ጀሪካናቸው አፍስሶ ባዶ መሆኑን አዩ።

"ጉድጓዱ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ" አለ ሁመድ። "ከዘገየሁ የመኪናውን መብራት አብራልኝ። መሬቱ ስንጥቅ ይበዛዋል።"

"እሺ፣ አበራልሃለሁ።"

ሁመድ ፎቶው እንዳይበላሽ ብሎ የእጅ ባትሪውን እንኳ ትቶ ሄደ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሁመድ የለም። አንድ ሰዓት ሆነ። ሰውየው ተጣራ፤ መልስ የለም። መኪናው ውስጥ ገብቶ እጁን መብራት ማብሪያው ላይ አደረገ። መልሶ አነሳው። "የአገሩ ልጅ ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል" አለ በልቡ። አርባ ደቂቃ ቀረ። እንደገና እጁን አደረገ፣ እንደገና አነሳ። ሃያ ደቂቃ ቀረ። አሁን ቢያበራ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ነው።

ካሜራው ሲዘጋ አበራ።

ሁመድን ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ አገኘው። ከወደቀበት ወጥቶ እየተሳበ ሲመለስ በጨለማው አቅጣጫ ስቶ እንደገና ወድቋል። ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባው።

"የመኪናው ባትሪ ሞቶብህ ነው?" አለው ሁመድ።

"አይደለም። ፎቶው እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።"

ሁመድ ፊቱን አዞረ። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ወደ ሐኪም ቤት ነዳ።

ፎቶውስ? ተበላሽቶ ቢሆን ስብከቱ ይቀልልኝ ነበር። አልተበላሸም። እጅግ አምሮ ወጣ። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሁመድ ደጅ ድረስ ሄዶ፣ ማንኳኳት አቅቶት ተመልሷል። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሥራውም ክፉ አልነበረም፤ የእግዚአብሔርን ሰማይ ነበር የሚያየው። እኛስ? "ይህን ልጨርስና" ያልነው ማንን ነው? የታመመችውን እህታችንን? ፊቱ ከጠቆረ ወር የሆነውን ልጃችንን? "እሱ ጠንካራ ነው፣ ይወጣዋል" ስንል አምነን ነው ወይስ ለራሳችን ምክንያት እየፈለግን?

አሁን የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። አውቃለሁ፤ ለእኔም መጥቶብኛል። እንግዲህ የመዝጊያውን መዝሙር አትጠብቁ። ውጡና ደውሉ። እኔም ከዚህ ወርጄ ልደውል ነው።