ማኅተሙ አንድ፣ ፈላጊው ሦስት

በአንድ ወቅት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በእትዬ ዘምዘም የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት፣ ሦስት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙያ አለው። ኢዮስያስ ጋሻ ያዥ ነው፤ ከፊት ቆሞ ዱላውን ሁሉ ይቀበላል። ከድር ቀስተኛ ነው። ማርሲል ደግሞ ፈዋሽ ናት፤ ጓደኞቿ ሲቆስሉ የምታክማቸው እሷ ናት።

ማርሲል ሙያዋን የምትወደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤታቸው ልጅ ብዙ ነው። እሷ ያላጠበችውን ሳህን ሌላው ያጥበዋል፤ እሷ ባትኖርም የሚጎድል ነገር የለም። እዚህ ግን ትንሽ ከዘገየች «ማርሲል የት ገባች?» ይባላል። ይህን መስማት ደስ ይላት ነበር።

የጨዋታው ሠሪዎች ታዲያ ምን ነካቸው? ተጫዋቹ «አንድ ሙያ ሰለቸን» ብሎ ቢያለቅስባቸው፣ ማንም በፈለገ ሰዓት ሙያውን የሚቀይርበት ቁልፍ አመጡ። ሰዉ ጮቤ ረገጠ። ብዙም ሳይቆይ ጣጣው መጣ። ፈዋሽ ሲያስፈልግ ሁሉም «ሌላው ይቀየር» ብሎ ሰይፍ ይዞ ይሮጣል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሁሉም ፈዋሽ ሆኖ የሚዋጋ ይጠፋል። ማርሲልን ግን ያስጨነቃት የኢዮስያስ ጣት ነው። ፈጣን ነው ልጁ፤ ሲያሻው ፈዋሽ ይሆንና ከእሷ እኩል ያክማል። «እንግዲህ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?» እያለች እንቅልፍ አጣች።

ያን ሰሞን ጨዋታው ውስጥ ድልድይ የዘጋ ዘንዶ መጣ። ዘንዶውን የገደለ ቡድን አንድ ማኅተም ያገኛል። ማኅተሙ የደረሰው ሰው አንድ ሙያ ይመርጥና የራሱ ብቻ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ከቡድኑ ማንም ያን ሙያ አይነካበትም። ማርሲል ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ።

የውጊያው ቀን ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ከጨዋታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። እትዬ ዘምዘም በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው። ድምፅ ከሰማሁ መብራቱን ነው የማጠፋው» አሉ። ሌላ ጊዜ «ልቀየር ነው!» «ያዝልኝ!» እየተባባሉ ሰፈሩን የሚያውኩት ልጆች፣ ነውሩ ገብቷቸው አፋቸውን ዘግተው ወደ ውጊያው ገቡ።

ማርሲል የኢዮስያስ ጉልበት ሲሟጠጥ አየች። ብታክመው፣ ብታክመው፣ ዘንዶው ይቀድማታል። ሊወድቅ ነው ብላ ደነገጠች። ቁልፉን ተጫነችና ጋሻ ይዛ ከፊቱ ቆመች። እሱ ዳነ፤ ቡድኑ ግን ያለ ፈዋሽ ቀረ።

ኢዮስያስ ሕክምናው ድንገት ሲቋረጥበት ምን እንደሆነ ጮሆ መጠየቅ አልቻለም። ጋሻውን ጣለና ራሱ ፈዋሽ ሆነ። ይህን ጊዜ ማርሲል ጋሻ መያዝ አልለመደችምና የዘንዶው እሳት አልፏት ከድርን ለበለበው፤ እሷም ልትወድቅ ደረሰች። ኢዮስያስ አንዱን ለማዳን ብቻ ጊዜ ነበረው። ከድርን አዳነ። ማርሲል ወደቀች።

ከድርስ? እየተቃጠለ ሳለ ፈዋሽ ሆኖ ማርሲልን ሊያተርፋት ይችል ነበር። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሄዶ ተመለሰ። «እኔም ቦታዬን ከለቀቅኩ ማን ይገድለዋል?» ብሎ አሰበና ቀስቱን ገተረ። ዘንዶው ድልድዩ ላይ ተዘረረ።

ውጊያው ሲያልቅ የወደቀ ይነሳልና ማርሲልም ተነሳች። ማኅተሙ መካከላቸው አበራ። የጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱም በአንድ ሰው ካልተስማሙ ይጠፋል። በሹክሹክታ ክርክር ያዙ።

«ፈዋሽነቱ ለእኔ ይሁን» አለ ኢዮስያስ። «ቁርጥ ቀን ሲመጣ ያከምኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ ዕድሜ ልኬን ከፊት ቆሜ ልደብደብ?»

«የለቀቅኩት ለአንተ ብዬ አይደል እንዴ?» አለች ማርሲል። «ጋሻ ባልይዝልህ ኖሮ ምን ቀርቶህ ታክም ነበር?»

ከድር አንገቱን ነቀነቀ። «ማኅተሙ ሙያውን ለማይለቅ ሰው ነው የተሠራው። ያልለቀቅኩ እኔ ብቻ ነኝ። ቀስተኛነቴን ላጽናበት።»

«አንተማ ስወድቅ እያየህ ዝም አልከኝ!» አለችው።

«አይቻለሁ» አለ ከድር። «ዘንዶውን ግን ገደልኩት።»

ቢቸግራቸው ወደ እትዬ ዘምዘም ዞሩ። ሴትየዋ ነገሩን ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን አትጠይቁኝ። አፋችሁን ያዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉና በሩን ይዘው ቆሙ።

ፀሐይዋ የድልድዩን ጫፍ ነካች። ማርሲል ልትመርጥ ጣቷን ወደ ቁልፉ ዘረጋች። ለኢዮስያስ ከሰጠች ከእንግዲህ ማንንም አታክምም። ለከድር ከሰጠች ፈዋሽነቱ እንደ በፊቱ የማንም ይሆናል። ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው የእሷን ጣት እያዩ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጓደኛዋን ለማዳን ሙያዋን ለተወችው፣ የተተወውን ሙያ አንስቶ ቡድኑን ላተረፈው፣ ወይስ ጓደኛው ስትወድቅ እያየ ከሙያው ላልተነቃነቀው፣ ማኅተሙ የሚገባው ለማን ነው?