በሩን የዘጋው አውራ ጣት

ጥይት እያፏጨ የሰው ሆድ የሰፋች እጅ፣ ከተማ ስትገባ የተቆረጠ ጣት እንዳታስር የሚከለክላት ምንድን ነው? ብርዛፍ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዛው ኖራለች። ስድስት ዓመት የሠራዊት ነርስ ነበረች፤ አሁን በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ታውሳለች። ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ሰው ፊት ስትቆም ድምጿ ይጠፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ድምጽ አላት። ከባልደረባዋ ከይድነቃቸው ጋር የሚና ጨዋታ ትጫወታለች። እሷ በወረቀት ላይ የፈጠረቻትን አንዲት ሴት ትሆናለች፤ እሱ የቀረውን ዓለም ሁሉ ይሆናል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁለት ዳይሶች ይጣሉና የወጣው ነጥብ ድምር ይወስናል። የብርዛፍ ሴት ሃምሳ አለቃ ስመኝ ትባላለች። በከዋክብት ጦርነት ቁስለኛ ስታክም ኖራ፣ ተሰናብታ፣ አንዲት ሩቅ ጨረቃ ላይ ወደተሠራች ከተማ ገባች።

«ስመኝ ምን ትፈልጋለች?» አለ ይድነቃቸው።

«ትንሽ ነገር። ቁስል ማሰር።»

ስመኝ ፈቃድ ሰጪው መስኮት ጋ ሄደች። ይድነቃቸው አፍንጫውን ይዞ እንደ ጸሐፊው ተናገረ። «የሠራዊት ሕክምና እዚህ አይቆጠርም፣ እህቴ። ተፈትነሽ ነይ።»

ፈተና ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ስመኝ ቁስል አታስርም።

ፈተና ክፍል ሄደች። «መሠልጠንሽን በምን ልወቅ? ማስረጃ አምጪ» አላት ፈታኙ።

«ሰባት መቶ ቁስለኛ አክሜያለሁ።»

«ቁስለኞቹ ማህተም አላቸው?»

ማስረጃ ካልወጣ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ስመኝ ቁስል አታስርም።

መዝገብ ቤት ሄደች። ማስረጃዋ ውስጥ አለ፤ በመስታወቱ እንኳ ይታያል። በሩ ግን የሚከፈተው በመዝገብ ቤቱ ሹም የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነው። «ሁለተኛ ቁልፍ ይሠራልን» የሚል ማመልከቻ ከሦስት ዓመት በፊት ቀርቧል። እሱም ውስጥ ተቆልፎበታል።

በር ካልተከፈተ ማስረጃ አይወጣም፤ ማስረጃ ካልወጣ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ስመኝ ቁስል አታስርም።

ሹሙ አቶ ምንውየለት ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። አውራ ጣታቸው እንደ ድንች አብጧል።

«በሩ አላውቅህም አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «እሾህ ቢጤ ብረት ወግቶኝ ነው። ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ፤ ሕመሙ ወደ ክንዴ እየወጣ ነው።»

«ለምን አልታከሙም?»

«ማን ያክመኛል? በከተማው ፈቃድ የነበረው ሐኪም አንድ ነበር፤ እሱም ጡረታ ወጣ።»

ሐኪም ከሌለ ጣት አይድንም፤ ጣት ካልዳነ በር አይከፈትም፤ በር ካልተከፈተ ማስረጃ አይወጣም፤ ማስረጃ ካልወጣ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ስመኝ ቁስል አታስርም፤ ስመኝ ቁስል ካላሰረች ደግሞ ሐኪም የለም።

ይድነቃቸው ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «መውጫ የለውም። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው።»

ብርዛፍ ዳይሶቹን አነሳች። «እጃቸውን እንዲዘረጉ ትነግራቸዋለች።»

«ያለ ፈቃድ?»

«ያለ ፈቃድ። ፈቃዱን ከጠበቀች ክንዳቸው ይቆረጣል።»

«ጣይ እንግዲህ። ስምንት ያስፈልግሻል።»

ስድስት ወጣ።

«ሦስት ነጥብ ጨምርልኝ» አለች። «ለጦር ሜዳ ሕክምናዋ።»

«የሠራዊት ነጥብ እዚህ አይቆጠርም አልኩሽ እኮ።»

«ጣታቸው ይህን ያውቃል?»

ይድነቃቸው የጨዋታውን ደንብ መጽሐፍ ወደ ራሱ ሳበ።

«መግሉስ፣ ማህተም ካላየ አልወጣም ይላል?» አለች። ድምጿ አልጠፋም።

መጽሐፉን ገለጠ፤ አገላበጠ፤ ዘጋው። «ዘጠኝ» አለ።

በዚያን ጊዜ የስመኝ መርፌ ጣቱን ወጋ፤ መግሉ ፈሰሰ፤ ጣቱ ዳነ፤ ጣቱ ሲድን በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ማስረጃው ወጣ፤ ማስረጃው ሲወጣ ስመኝ ተፈተነች፤ ስትፈተን አለፈች፤ ስታልፍ ፈቃዱ ታተመ። ጸሐፊው ፈቃዱን በመስኮት እያቀበለ ተቆጣት። «የት ነበርሽ እስካሁን? ሐኪም አጥተን ስንቸገር።»

ስመኝም ቁስል አሰረች።

ብርዛፍ ቤቷ ስትገባ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ማህደር አወረደች። አቧራውን ጠረገች። የገዛ ራሷ የሠራዊት ማስረጃ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ሰኞ ጠዋት ይዛው ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ልትሄድ፣ «አይቆጠርም» ቢሏትም ለምን ብላ ልትጠይቅ ወሰነች። ማህደሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከጎኑ አንድ ጥቅል ፋሻ ጨመረች። የየትኛው ጸሐፊ ጣት አብጦ እንደሚጠብቃት አይታወቅም።