የጃርት ሙሉ ሐብል

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ላም ያላችሁ በረቱን ክፈቱ።

ጃርትና ሸረሪት ጌጥ ሠሪ ጓደኛሞች ነበሩ። ጃርት የዱር ፍሬ በእሾኋ እየበሳች በቃጫ ትሰካለች፤ ሸረሪት ደግሞ ከራሷ ክር ዳንቴል የመሰለ ጌጥ ታወጣለች። አንዷ ሐብል ጀምራ ግማሹን ስትተው፣ ሌላዋ እንደ ልቧ ትጨርሰዋለች። ምን ሆኖ እንደሚመለስ የጀመረችው አታውቅም፤ ደስታቸውም እሱ ነበር።

አንድ ቀን ሚዳቋ ሐብላቸውን አድርጋ ወንዝ ስትወርድ ያየ ሁሉ የሸረሪትን ክር አደነቀ። የጃርትን ፍሬ ያነሳ አልነበረም። ነገሩ ጃርትን ከነከናት። ጉድጓዷ ገብታ አንድ ሐብል ብቻዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠራች፤ ሁለቱን ጫፎች አጥብቃ ቋጠረችና እዪልኝ ብላ ለሸረሪት ወሰደችላት።

ሸረሪት ሐብሉ ላይ ወጣች። በፍሬዎቹ ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ ዞራ የጀመረችበት ደረሰች። እንደገና ዞረች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለቻት ጃርት።

«በጣም ያምራል እኮ፣ እህቴ። የኔን ቦታ እየፈለግሁ ነው» አለቻት ሸረሪት።

ሸረሪት አሁንም ልትዞር ስትነሳ፣ ጃርት አጎነበሰችና ቋጠሮውን በጥርሷ በጠሰችው። ፍሬው ሣር ውስጥ ተበተነ፤ ሁለቱም ሲለቅሙ ዋሉ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱት ግን አንድ ፍሬ ከራሳችሁ ጨምሩበት።