ማንም ያልፈለጋት የቸነፈር ሥዕል

ተረት ተረት!

የጎረቤት!

እንዴ፣ ራት አልበላችሁም? ጮክ በሉ እንጂ! ተረት ተረት!

የጎረቤት!

እሰይ። በድሮ ዘመን አለቃ ድንቁ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። ከቸነፈር ተረፉና መዳፍ በምታክል ጣውላ ላይ ቸነፈርን ሣሉት። ሥዕሏን በጨርቅ ጠቅልለው ለልጃቸው አወረሱና ሞቱ።

ልጅቱ ባል አገባች። ባልዬው፦ «ቸነፈርን ቤቴ አላስገባም!» አለና ሥዕሏን ለጨው ነጋዴ ሰጣት። የነጋዴው በቅሎ ገደል ገባች። ነጋዴውም «ይህን ያመጣችብኝ ይቺ ሥዕል ናት!» አለና ለአንዲት ወይዘሮ ሰጣት። የወይዘሮዋ ንቦች ቀፎውን ጥለው ሄዱ። እሷም ባሏ ለሞተባት ለእንኮዬ ሰጠቻት። ይገርማችኋል፣ አንዳቸውም ጨርቁን ፈተው አላዩም። ፈሪ ሁላ!

እንኮዬ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት። ስንዱ ታመመች። ትኩሳቱ አነደዳትና ውሃ፣ ውሃ አለች። ምንጩ ሩቅ ነው፤ እናት ልጇን ለማን ትታ ትውረድ? ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቷል። ጭራሽ የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ይመኑ የሚባሉት፣ በሽታው እንዳይወጣ በሩን ሊያጥሩ እሾህ ተሸክመው፣ ሰው አስከትለው መጡ። ከሩቅ ቆሙና፦ «እንኮዬ! በሽታውን ያመጣችብን ያቺ ሥዕል ናት። አውጥተሽ አቃጥያት!» አሉ።

እንኮዬ ደሟ ፈላ። «ልጄ በውሃ ጥም ልትሞትብኝ ነው፣ እናንተ ጣውላ ትፈራላችሁ? ኑ እዩዋት!» አለችና ጨርቁን ቀደደችው።

ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። የሠዓሊዎችን ልማድ ታውቁ የለ? ክፉ የሚሣለው በጎኑ ነው፣ ባንድ ዓይን። ደግ ሰው ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው። በሥዕሏም ላይ ቸነፈሩ ባንድ ዓይኑ ከጎጆ ወጥቶ ይሸሻል። በሩ ላይ ጎረቤቶች በቅል ውሃ ይዘው በሽተኛውን ያጠጣሉ፤ ሁሉም ባለ ሁለት ዓይን ናቸው።

ከሰዉ መካከል የጭቃ ሹሙ አክስት ሣቅ አሉና፦ «ይመኑ፣ አንተንስ አሁን ቢያይህ ሠዓሊው በየት በኩል ይሥልህ ነበር?» አሏቸው።

ጭቃ ሹሙ አፈሩ። እሾሁን ጣሉና የእንኮዬን እንስራ አዝለው ወደ ምንጩ ወረዱ። በዚያ አገር ወንድ እንስራ አዝሎ ታይቶ አያውቅም! ሌላውም ተከተላቸው፤ ወተት ያለው ወተት፣ አጥሚት ያለው አጥሚት አመጣ። ስንዱ ጠጣች፣ ጠጣችና ዳነች። እልል በሉ እንጂ!

ሥዕሏስ? ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ሁሉ «የኔ ናት፣ አምጡልኝ!» ይላል። ይዟት የሚሄደውም ባዶ እጁን አይገባም፤ ውሃ ቀድቶ ነው።

ተረቴ አለቀ። በሉ ቂጣዬን ወዲህ አምጡ፤ በባዶ ሆዴ ሌላ አላወራም!