የሐሙሱ ባዶ ታንኳ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። ከዓመታት በፊት ማዕበል ሊውጠው ሲል ተርፎ፣ ለነፍስ አባቱ «ላዳነኝ አምላክ ምን ላድርግለት?» አላቸው። እሳቸውም «ሰው ኖረም አልኖረም ሐሙስ ሐሙስ ወደ ፀበሉ ደሴት ቅዘፍ። መንገደኛ ካገኘህ በነጻ አሻግር» አሉት። እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ታንኳው ሰው አያጣም ነበር። ኋላ ግን የሞተር ጀልባ መጣና ወደ ደሴቱ የሚሄደው ሁሉ በእሱ ሆነ። ጓንጉል ሰባት ዓመት ሙሉ ባዶውን ሄዶ፣ ዳር ላይ ጥቂት ጠብቆ፣ ባዶውን ተመለሰ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ሲሄድ የቀለለው ሲመለስ ይከብዳል። ከዚያ ጎትቶ ማውጣት፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ማድረቅ አለ። ወገቡ አለቀ። የመንደሩ ሰው «ጓንጉል ነፋስ ሊያሻግር ሄደ» እያለ ይስቅበታል። እውነት ለመናገር እሱም በልቡ አብሯቸው መሳቅ ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የነፍስ አባቱ ማረፋቸው ነው። ያሰሩት ሳይፈቱት አለፉ። «ጌታዬ፣ ደከመኝ። የምትፈልገኝ ከሆነ ንገረኝ» ብሎ ጸለየ። መልስ አላገኘም። በሚቀጥለው ሐሙስ ታንኳውን እንደቆመ ትቶት ቤቱ ዋለ።

ሳምንቱን ሲብሰለሰል ከረመና «ዛሬ ልሂድ፤ የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ቀዘፈ። ደሴቱ ሲደርስ አንዲት ሴት ዳር ላይ ቆማ ጠበቀችው። የታመመ ባሏን ይዛ ፀበል ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው።

«ትሻገሪያለሽ፣ ልጄ?»

«አይ አባቴ። ባለፈው ሐሙስ ምነው ቀሩ?»

«እኔን ትጠብቂ ነበር እንዴ?»

«እርስዎ አያውቁንም። እኛ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከዛፉ ሥር ሆነን እናይዎታለን። ባሌ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ‹እኒህ ሰው ማንም ሳይሳፈርላቸው ከመጡ፣ እኛም አንድ ሳምንት እንቆይ› እለዋለሁ። የቀሩ ዕለት ‹እሳቸውም ሰለቻቸው፤ በቃ› አለኝ። ዛሬ በሞተር ጀልባው ልንወጣ ጓዛችንን ሸክፈን ነበር።»

«ለመሆኑ ተሻለው?»

«አልተሻለውም» አለች። «ግን ታንኳዎን ከሩቅ ሲያይ፣ ‹ጓዙን ፍቺው› አለኝ።»

ጓንጉል ታንኳውን አዙሮ ባዶውን ቀዘፈ። ወገቡ እንደ ወትሮው አመመው፤ ታንኳውም እንደ ወትሮው ከበደው። ቤቱ ሲደርስ ግን ጎትቶ አወጣና ለሚመጣው ሐሙስ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አቆመው።

ወዳጄ፣ እግዚአብሔር ሲያዘን ምክንያቱን ሁልጊዜ አይነግረንም። እኛ ፍሬውን ታንኳችን ውስጥ እንፈልጋለን፤ እሱ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሚያየን ሰው አስቦት ይሆናል። ገብቶን ስንሄድማ ማን ይፈተናል? እምነት የሚለካው ደክሞንም ስንሄድ ነው። አንተስ፣ ማንም አይጠብቀኝም ብለህ የተውከው ሐሙስ የትኛው ነው?