በአንድ ማማሰያ

ከእጁ ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር አንድ ብቻ ነው፤ ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው መርጠው ያስመጡት። የንብረት ክፍሉም የዓመት ፈቃዱም ፕሮግራም የሚሠራው እሱ ላይ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ላይብረሪ የሚባለው ዝግጁ ኮድ ግን ይለያያል፤ አንዱ አዲሱን ይፈልጋል፣ ሌላው ያለ አሮጌው አይሠራም። ባለሙያው ለእያንዳንዱ የራሱን ማስቀመጥ ሰለቸውና አዲሱን ለሁለቱም የጋራ አድርጎ ጫነው። የዓመት ፈቃዱ ፕሮግራም ወዲያው ቆመ፤ የዳይሬክተሩ የራሳቸው ፈቃድም ሳይጸድቅ እዚያው ውስጥ ቀረ።

አቶ ልዑልሰገድ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና ባለሙያውን፣ «በአጭሩ መልስልኝ፤ የማይረባው ሰርቨሩ ነው ወይስ አንተ?» አሉት።

ሰርቨሩ ነው ቢል የእሳቸውን ምርጫ መንቀፉ ነው፤ እኔ ነኝ ቢል ከሥራው መባረሩ ነው።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ። «ምሳ የበሉበት ምግብ ቤት የጾምም የፍስክም ይሠራል። ወጥ ቤቱ አንድ ቢሆንም ጾምዎ አልፈረሰም። የሚፈርሰው አንድ ሰነፍ የሥጋ ወጥ ያማሰለበትን ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ሲከት ነው። ያ ሰነፍ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ላባርርህ?»

«መብትዎ ነው። ግን የትኛው ድስት ውስጥ ምን እንደጨመርኩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አለ። «እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ገና እየቀመስኩ ነው።»