ባለ ከረጢቱና የፍልሰታው አሳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም፣ ምሰሶ ተደግፋችሁ የምታንቀላፉትም ንቁ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሳ ነው። አሳ ሲነሳ የሚተኛ ሰው ደግሞ አላየሁም፤ በተለይ በጾም።

አንድ ሰው ነበር። ጣና ዳር፣ አንድ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አፍ ላይ የሚኖር አሳ አጥማጅ። ሽባባው ይባላል። ፊቱን ስታዩት ኮስታራ ነው፤ ውስጡ ግን ሆደ ቡቡ። ሚስቱ ጥሩወርቅ ልትቆጣው ስትነሳ እንኳ ሳቋ ይቀድማት ነበር።

ይህ ሰው አንድ ወዳጅ ነበረው። ወዳጁ ወፍ ነው። ያ ከመንቁሩ ስር ስልቻ የመሰለ ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ አሳ የሚበላው ትልቅ ነጭ ወፍ። የተማሩት ፔሊካን ይሉታል፤ የሰፈሩ ሰው ግን “ባለ ከረጢቱ” ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ክንፉ መረብ ውስጥ ተተብትቦ ሲንፈራገጥ ሽባባው አገኘው፤ ፈትቶ ቤቱ ወሰደው፤ እስኪድን ድረስ አበላው። ከዚያ ወዲያ ወፉ አልለይህ አለው። ሽባባው ከሐይቁ ተመልሶ አሳ ከሚሰነጥቅበት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣ ወፉ ከየትም ይሁን ከየት እየተንገዳገደ ይመጣና አጠገቡ ይቆማል። እሱም ከአሳው ሆድ የሚወጣውን ይወረውርለታል። ደግሞ ያወራዋል። ጥሩወርቅ “ለእኔ ያልነገርከኝን ሁሉ ለእሱ ነው የምትነግረው” እያለች ታሾፍበት ነበር። እውነቷን ነው።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ አሳው ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይሄዳል። ለምን ይሄዳል? እንቁላሉን ሊጥል። ደፍርሶ የሚወርደውን ውሃ እየገፋ፣ ላይ ጠጠራማው ቦታ ደርሶ ይራባል። ሽባባው ልጅ ሳለ በዚያ ወቅት ወንዙ በአሳ ጀርባ ሲጠቁር አይቷል። ኋላ ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። መረቡ ሲጎተት የሚወጣው ቅጠልና ጭቃ ሆነ።

ለእናንተ ይህ ወሬ ነው። ለእነሱ ግን የልጆቻቸው ራት ነው። ስለዚህ የአሳ አጥማጆቹ ማኅበር ተሰበሰበ።

ሊቀመንበሩ ምንይችል፣ ድምፀ ጎርናናው ሰው፣ አሳችንን የጨረሰው ይህ የባለ ከረጢቱ መንጋ ነው አለ። የሚያድርበትን ዛፍ እንቁረጥ፣ ያገኘነውንም እንግደል አለ። አንዳንዱ ተቃወመ፤ ወፉ በአባቶቻችንም ጊዜ ነበር፣ አሳውም ነበር አለ። ሌላው ደግሞ ያኔ አሳው ተርፎ ነው፣ ዛሬ ለእኛም አልበቃን ብሎ መለሰ። ክርክሩ ጦፈ። በመጨረሻ ምንይችል ክርክሩን የቋጨ ነገር ተናገረ።

“በዓይኔ አይቻለሁ። ከረጢቱ የአሳ እንቁላል ሞልቶት ነበር። ገና ያልተወለደውን ነው የሚጨርስብን።”

እኛም አይተናል አሉ ብዙዎቹ። ሽባባውም አይቷል። ታዲያ ምን ብሎ ይከራከር? ይገደሉ የምትሉ ሲባል እጁን አወጣ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከሽባባው ወፍ እንጀምር ተባለ። እሱ ሰው ለምዷል፣ ጠርተህ ምታው፤ የቀሩትን ከዚያ ወዲያ እናያለን አሉት። ሽባባው እሺ አለ። ለምን እሺ አለ? ወፉን ጠልቶ ነው? አይደለም። ከጎረቤቶቹ ልጆች ወፍ በለጠበት እንዳይባል ፈርቶ ነው። ሰው ነው እንግዲህ። እኛስ ስንት ጊዜ እንዲህ ፈርተን እጃችንን አውጥተናል?

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ የአሳ ገበያ እንዴት እንደሚደራ ታውቃላችሁ። በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ዛሬ አላነሳባችሁም፤ ፊታችሁን ሳይ ግን ማን ማን እንደሚበላው አውቃለሁ። የዚያ ሰፈር ሰው ታዲያ በፍልሰታ መረቡን የሚዘረጋው ወንዙ አፍ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ነው። ሽቅብ ሊወጣ የመጣው አሳ በገዛ እግሩ ይገባላቸዋል፤ ሐይቁ ላይ መንከራተት የለም። አባቶቻቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ማንም እንደ ጥፋት አይቶት አያውቅም።

ሽባባው በማለዳ ዱላውን ከድንጋዩ ጀርባ ደብቆ ተቀመጠ። ምንይችልና ሌሎቹ ወረድ ብሎ ካለው ሾላ ስር ሆነው ይጠብቃሉ። ጥሩወርቅ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች።

ወፉ መጣ። እንደ ወትሮው እየተንገዳገደ፣ ምንም ሳይጠረጥር መጣ። ሽባባው ቢላዋውን አነሳ። እንግዲያስ ከመሞቱ በፊት የሚወደውን ላብላው አለ። ከመረቡ ከወጡት ትልቋን አሳ አነሳ፤ ሆዷን በቢላዋ ሰነጠቀ፤ እንቁላሏ እንደ ምስር ክክ መዳፉ ላይ ተዘረገፈ። እጁን ዘረጋ። ወፉም አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ሽባባው እጁን መለሰ።

ወፉ አሳ ሲያገኝ እንዳለ ነው የሚውጠው። ቢላዋ የለው፣ ሆድ ሰንጥቆ እንቁላል አያወጣ። ታዲያ ሁሉም ያዩት እንቁላል እንዴት ከረጢቱ ውስጥ ገባ? ሽባባው መዳፉን አየ። ቀና ብሎ ዳርቻውን አየ፤ በየድንጋዩ ዙሪያ የተደፋውን እንቁላል አየ። ሊራባ የሚሄደውን አሳ ደጁ ላይ ይጠብቁታል። ያልተወለደውን ከሆዱ አውጥተው ይጥሉታል። ወፉ ያንን ሲለቅም ደግሞ ጨረስከን ብለው ይፈርዱበታል።

አለቀሰ። ሆደ ቡቡ ነው ብያችኋለሁ። ዱላውን እዚያው ትቶ፣ እንቁላሉን በመዳፉ እንደያዘ ወደ ሾላው ወረደ። ወፉ ምን ያውቃል፣ ቁርሱ ጥሎት ሲሄድ አይቶ ተከተለው። ምንይችል ተቆጣ፤ ለምን አልመታኸውም አለው። ሽባባው እርጥብ እጁን ዘረጋለት።

“ጨራሹን ስትፈልጉ አልነበር? ይኸው፣ እኔ ነኝ። እኛ ነን።”

ሰዎቹ ምን እንደሚል ገና ሳይገባቸው፣ ወፉ አንገቱን አሰገገና እንቁላሉን ከመዳፉ ላይ ጠርጎ ዋጠው። እፊታቸው። ምንይችል ዞሮ ዳርቻው ላይ የተደፋውን እንቁላል አየ። ከዚያም ያ ጎርናና ድምፁ ቀጥኖ፣ በሉ መረቡን እናንሳ አለ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። የፍልሰታ ገበያ ነው የቀረባቸው። ያን ክረምት በየቤቱ ምጣዱ ቶሎ ቶሎ አልተጣደም፤ ሽባባውን የረገመውም አልጠፋም። አሳው በማግስቱ ወንዙን ሞላው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሞላውም። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጥሩወርቅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ እንስራዋን አስቀምጣ ባሏን ጠራችው። ሲመጣ ወደ ውሃው አመለከተችው። ከድፍርሱ ውሃ ስር ጥቁር ጥቁር ጀርባ ሽቅብ ይገፋል። ባለ ከረጢቱም ዳር ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ አንዳንዱን መዋጡም አልቀረም። አሳው ግን እያለፈ ሄደ።

እናንተስ፣ ልጆቼ?

ልጄን ስልክ በላብኝ ትላላችሁ። ዝም እንዲልላችሁ ብላችሁ ገና በአራስነቱ ስልኩን ያስጨበጠው ማን ነው? ትዳሬን የሰው አፍ አፈረሰው ትያለሽ። የቤትሽን ገበና ከፍቶ ለሰው አፍ ያጎረሰ ማን ነው? እኛም ሽማግሌዎቹ እንዲሁ ነን። ወጣቱን ዓለም ወሰደብን እንላለን። ወደዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ሊወጣ ሲመጣ ግን ደጁ ላይ ቆመን፣ ሱሪህ እንዲህ ነው፣ ጸጉርሽ እንዲያ ነው እያልን፣ ከዳር እስከ ዳር መረብ የዘረጋነው እኛው አይደለንም?

ወፍ የለም አላልኩም። ወፉ አለ፣ ይበላልም። ግን የምወዳችሁ፣ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ማን እያጎረሰው እንደሆነ እዩ። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ ብታገኙት አትሸሹ። ታጥቦ የሚጠራ እጅ ነው፤ እግዚአብሔርም የታጠበ እጅ አይንቅም። መረቡን ግን ዛሬውኑ አንሱ።

በሉ ተነሱ፣ እንጸልይ። እጃችሁን ዘርጉ። ስትዘረጉትም፣ እባካችሁ፣ ዓይናችሁን ከመጨፈናችሁ በፊት አንድ ጊዜ መዳፋችሁን እዩት።